የሰባተኛው ቀን ክኒን

የልጅ ልጄ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ማተሚያ ቤቱ በስተጀርባ ረጅም ክፍል አለው፤ የእሷ ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር ነው። የታተመው ወረቀት ታጥፎና ተደርድሮ ይመጣላታል። በወፍራም መርፌ ትሰፋዋለች፣ ጀርባውን ሙጫ ትቀባዋለች፣ ካርቶን ታለብሰውና መጽሐፍ ታደርገዋለች። ባልደረቦቿ «ሙጫ» ይሏታል። ጣቶቿ ሁልጊዜ ስለሚጣበቁ ነው ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ ነው። ቅጽል ስሙ እኛም ቤት ገብቶ ቀረ፤ እናቷ በእውነተኛ ስሟ የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው እሷው ፈቅዳልኝ ነው። «ከጻፍሽ አይቀር ጥርሴንም ጻፊው እማማ» አለችኝ። እሺ፣ ከጥርሷ ልጀምር።

ሥራ በገባች በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጠረጴዛዋ አጠገብ እንደቆመች ጣላት። የሚጥል በሽታ እንዳለባት እዚያ ማንም አያውቅም ነበር። መጀመሪያ የጣላት በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ክፍል ውስጥ ነው። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ «ደም ማነስ ነው» እያለች ለዓመታት ሸፋፍናው ኖራለች። ሐኪም ቤት ትወስዳታለች፣ ክኒኑን ትሰጣታለች፤ የበሽታውን ስም ግን ከአፏ አታወጣውም። ልጅቱም ስትቀጠር እንደ እናቷ አፏን ዘጋች።

የጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ሰው ነው። መልካም ሰው ነው፤ ሲደነግጥ ግን እጁ ሐሳቡን ይቀድመዋል። ስትንፈራገጥ ሲያይ «ምላሷን ልትውጥ ነው!» ብሎ ጮኸና ወረቀት የሚያጥፉበትን የአጥንት ማጠፊያ አንስቶ በጥርሶቿ መሃል ሰነቀረው። ማጠፊያው ምንም አልሆነም። የተሰበረው የፊት ጥርሷ ነው። ራሷን ስታውቅ እሷ ወለሉ ላይ ተጋድማለች፤ እሱ አጠገቧ ተንበርክኮ ያለቅሳል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለችው።

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ጥርስሽን ሰበርኩት እኮ!»

በምላሷ ዳሰስ አደረገችውና «ማጠፊያዬስ?» አለች።

ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ግን አይስቅም። በሳምንቱ አብሯት ሐኪም ቤት ሄደና እንደ ተማሪ ደብተር ይዞ ከሐኪሟ ፊት ተቀመጠ። ሐኪሟ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ምላስ እንደማይዋጥ ነገረችው። አፏ ውስጥ ምንም አታስገባ፣ ጨምቀህም አትያዛት፣ ከጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርግ፣ በጎኗ አስተኛት፣ ሰዓትህን እይ አለችው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ሌላ ከደገማት፣ ሐኪም ቤት። ይህን በትልልቁ ጽፎ ከሙጫው ድስት በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ከሥራ አላስወጣትም። ከመቁረጫ ማሽኑና ትኩስ ከሆነው መጭመቂያ አራቃት፤ መርፌው ላይ አደረጋት። አንድ ሕግም አወጣ። «ክኒንሽን ዓይኔ እያየ ካልዋጥሽ መርፌ አትይዢም» አላት። ክኒኑ ወደ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ገባ። ጠዋት ስትገባ አንድ፣ ማታ ስትወጣ አንድ፤ እሱ በውኃ ብርጭቆ ከፊቷ ይቆማል። «አፍሽን ክፈቺ» ይላታል። «ጋሼ፣ ደግሞ ሌላ ጥርስ ሊሰብሩ ነው?» ትለዋለች።

ልጄ ይህን ስትሰማ ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት ያህል ተነፈሰች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስለ ክኒን መጠየቅ ቀረ። ሥራ ቦታዋ ትውጣለች፣ አለቀ።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጅቱ ሃያ ስምንት ሞላት። በሽታው ቀለል አለ እንጂ አልተዋትም፤ በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይጥላታል። ሐኪሟ የክኒኑን መጠን ሁለት ጊዜ ጨመረችው። ክኒኑ ሲጨመር እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ ነጋ ጠባ ጭንቅላቷ ላይ እርጥብ ፎጣ የተጠመጠመ ይመስላታል። መጣሉ ግን አልቀረም። ምክንያቱ ለሁላችንም እንቆቅልሽ ሆነ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አራት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ስጨርስ ሙጫ ከተረፈ ወረቀት አንድ ደብተር ጠርዛ ሰጠችኝ። በእሱ ላይ የምጽፈው ብዙ አልነበረኝም። ስለዚህ የጣላትን ቀን እጽፍ ነበር። ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያስጠኑን የቀናትን ስም ስለሆነ ቀኑን አስቀድማለሁ፤ የሆነውን አስከትላለሁ። «ሰኞ። ሻይ ልትጠጣ ስትል። ብርጭቆው ተሰበረ፣ እሷ ደህና።» እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ የቀጠሮ ቀን ሦስታችንም ሐኪም ቤት ሄድን። ሙጫ ደም ልትሰጥ ወደ ላቦራቶሪ ወጣች። ልጄ ሐኪሟን እንደ ዋዛ፣ «መቼም ከመውደቁ ውጭ የሚያሰጋ ነገር የለውም አይደል?» አለቻት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አለው» አለች። «እሷ ስትመለስ ለሁላችሁም ልነግራችሁ ነበር። ብዙ ጊዜ አይደርስም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሺህ ሰዎች በዓመት አንዱ ላይ ይደርሳል። ሰውየው ሳይታሰብ ይሞታል፤ ሳይወድቅ፣ ውኃ ሳይገባ፣ እሳት ሳይነካው። ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚገኘው። ለምን እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አናውቅም። ከከባድ መንፈራገጥ በኋላ ትንፋሽም የልብ ምትም ይቆማል። መንፈራገጡ ያልቆመለት ሰው ላይ ስጋቱ ከፍ ይላል።»

ልጄ የሐኪሟን እጅ ያዘች።

«እንዳትነግሪያት። በእናትሽ።»

«የራሷ ሕይወት ነው እኮ።»

«ገና ልጅ ናት! እንቅልፍ እንድትፈራ ነው የምትፈልጊው? ሌላው ቢቀር ሰላም ተኝታ ትደር።»

«ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ዛሬ እናንተ ተረጋጉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን እነግራታለሁ። ማወቅ ያለባት ልትከላከለው ስለምትችል ነው። ዋናው መከላከያ ክኒኑን አንድም ቀን…»

በሩ ተከፈተ። ሙጫ ክንዷን አጥፋ ጥጥ ይዛ ገባችና ፊታችንን አየች። «ምነው? ደሜ አለቀ እንዴ?» አለች። ልጄ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። የሐኪሟ ዓረፍተ ነገር እዚያው ተቆርጦ ቀረ፤ ውጭ ሌላ በሽተኛ ተጠራ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነበር። ልጄ እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ፤ ሦስቱን ወር ሁለታችንም እንደ ሌባ ኖርን። ልጄ የሙጫን መኝታ ክፍል መቀርቀሪያ ነቅላ «ዛገ» አለች። ከዚያ «ጀርባዬን አመመኝ፣ ያንቺ ፍራሽ ይሻለኛል» ብላ እዚያው ክፍል መተኛት ጀመረች። ጠዋት ሙጫ ትንሽ ካረፈደች መቀስ የምትፈልግ መስላ ትገባና እጇን አፍንጫዋ አጠገብ ታደርጋለች። እኔም ከእሷ የተሻልኩ አልነበርኩም። ምላሴን ነክሼ፣ ከሳሎን ሆኜ ሳሏን እጠብቅ ነበር፤ ሳል ስሰማ ደስ ይለኛል።

ልጅቱ ደንቆሮ አይደለችም።

«እማዬ፣ እስረኛ ነኝ እንዴ?» አለች አንድ ቀን ጠዋት፣ የነቃችው የእናቷ እጅ ፊቷ ላይ እያለ ነው።

«ትንኝ ነበረብሽ።»

«በየቀኑ ትንኝ?»

በዚያ ሰሞን ነው ቤት ልትከራይ መሆኑን የነገረችን። ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል አገኘች፤ ብቻዋን ልትኖር ነው። ልጄ ቆሌዋ ተገፈፈ። «ብቻሽን? በሬሳዬ ላይ!» አለች። ሙጫም፣ «አንቺ ነሽ ወይስ በሽታዬ ነው የሚያናግረኝ?» አለቻትና በሩን ዘግታ ወጣች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ «ቀጠሮው ይቅርብን፤ ክኒኑን እኔ ሄጄ አመጣላታለሁ» አለች። ያን ጊዜ የያዘኝ ነገር ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የደበቅነው ነገር ልጅቱን ወደዚያው ወደ ፈራነው ቦታ እየገፋት እንደሆነ ታየኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ቀጠሮው አራት ቀን ቀርቶታል። ለሐኪሟ የማሳየው ሥርዓት እንዲኖረው ብዬ ደብተሬን ከመጀመሪያው አነበብኩት። እኔ ሳነብ ጣቴን አስቀድሜ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብዬ ነው፤ የለመደ ሰው ዘሎ የሚያልፈውን እኔ መዝለል አልችልበትም። «ሰኞ» አልኩ። ገጽ ገለበጥኩ። «ሰኞ።» ገለበጥኩ። «እሁድ፣ ከምሳ በኋላ። ሰኞ። ሰኞ። ማክሰኞ ጠዋት። ሰኞ።»

የገዛ ድምፄ አስቆመኝ። ካልተሳሳትኩ ሐሙስ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም የጉንፋን ትኩሳት የነበረባት ቀን ነው። ቅዳሜ አንድም የለም።

ሰኞ ምን አለው? ሰኞን ተውኩትና ከሰኞ በፊት ስላለው ቀን አሰብኩ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ወጣሁ።

ማተሚያ ቤቱ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ስደርስ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ጋሼ የተቆረጠ ወረቀት ይጠርጋል። ሙጫ መስኮቷ ሥር ያልጨረሰችውን ትሰፋለች፤ አላየችኝም። እሱን በክንዱ ይዤ በሩ ዘንድ አቆምኩት።

«አንተ ልጅ፣ እሁድ እሁድ ክኒኗን ስትውጥ ማን ያያታል?»

«እሁድ?» አለ መጥረጊያውን ተደግፎ። «እሁድማ እናንተ ናችኋ።»

«እኛማ አንተ መስለኸን።»

«እሁድ ዝግ ነን እኮ እማማ!»

ተያየን። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ሰኞ ሰኞ እጇ ይከብዳታል» አለ። «ሰኞ ስለሆነ ነው እያልኩ ቀላል ሥራ እሰጣት ነበር። አራት ዓመት!» እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ደግሞ ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ወደ ውጭ ላክሁት።

ከሙጫ ፊት ለፊት፣ የወረቀት ክምር ላይ ተቀመጥኩ። መሳቢያዋን ሳብኩት። ብልቃጡ እዚያ አለ።

«ነገ ይሄ እዚህ ነው የሚያድረው?» አልኳት።

መርፌውን ሳታቆም አየችኝ። ፊቷ ትንሽ ቀላ።

«ደረስሽበት ማለት ነው።»

«ለምን?»

«እማማ፣ እሁድ ምን እነካለሁ? ማሽን የለ፣ መርፌ የለ፣ መንገድ አልሻገር። ብወድቅ አልጋ ላይ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ጭንቅላቴ በፎጣ ተጠቅልሎ ይውላል። እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው ቀልል የሚለኝ። የምጠርዘውን መጽሐፍ የማነበው እኮ ያኔ ብቻ ነው። ደግሞ ደሜም ይረፍ ብዬ ነው፤ ምን አለበት?»

ምን አለበት። ይህን ስትል አልጋዋ ታየኝ፣ ልጄ የነቀለችው መቀርቀሪያ ታየኝ። ለልጄ የገባሁትን ቃል አሰብኩ። ቃሌን ባፈርስ ልጄ ትቀየመኛለች። ብጠብቀው ደግሞ ነገ እሁድ ነው።

«አልጋ ላይ መሆኑ አያድንም» አልኳት። ከዚያ ሐኪሟ እንደነገረችን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ነገርኳት። ሺህ ሰው። አንድ። በእንቅልፍ። መንፈራገጡ ካልቆመ። እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

መርፌዋ ቆመ። ከዚያ ክሩን ሳበችው፤ በኃይል ስለሳበችው ወረቀቱን ቀደደው። ያን የመሰለ ስህተት ሠርታ አታውቅም።

«መቼ ነው የነገረቻችሁ?»

«ባለፈው ቀጠሮ።»

ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆጠረች። «አሥራ ሁለት እሁድ» አለች። «አሥራ ሁለት እሁድ እናንተ ትንፋሼን ስትጠብቁ፣ እኔ ክኒኔን ሳልውጥ። የምትፈሩትን ብትነግሩኝ ኖሮ በዚያኑ ቀን እውጠው ነበር።»

«አዎ።»

«‹አዎ› ብቻ?»

«ሌላ ምን ልበልሽ የኔ እናት? ጥፋት ነው። አንቺንም ራሳችንንም ጎዳን። አንቺም ደብቀሻል፣ እኛም ደብቀናል።»

የተቀደደውን ወረቀት ከጥራዙ አወጣች፤ በጣቷ አለሳለሰችው። ትንሽ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ ነው። እኔ ጉልበቷን ያዝኩ። ከመንገድ ጋሼ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣ «ውኃ ላምጣ?» አለ።

«ያምጡ ጋሼ» አለች አፍንጫዋን ጠርጋ። «ለነገው ደግሞ ብልቃጡን ይዤው ልሄድ ነው። ሌባ እንዳይሉኝ።»

ቤት ስንገባ ልጄ ምሳ ታቀርብ ነበር። ሙጫ ብልቃጡን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። «ነግራኛለች» አለቻት እናቷን። ልጄ እኔን አየችኝ፤ ያን አስተያየት አልረሳውም። ከዚያ ወንበር ላይ ዝርፍጥ አለች። ልጅቱ አልጮኸችባትም። «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ የሚባል ነገር ካለ እኔ ባለሁበት ይባል። ፈርቼም ከሆነ ልፍራ። ፍርሃቱ የእኔ ነው» አለቻት። ልጄ እኔን ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ስትቀዳልኝ ስኳሩን ያለ ልክ አበዛችው፤ ዕርቁ እሱ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሙጫ ከሐኪሟ ፊት ራሷ ተቀመጠች። ደብተሬን አሳየቻት፣ ስለ እሁዱም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሐኪሟ ቀኖቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«እኔ ደግሞ ክኒኑ አልሠራ ብሎ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጨመርኩት» አለች። «እሁድን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«በየቀኑ ብውጠው ያ ነገር አይደርስብኝም ማለት ነው?»

«እንደሱ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። በጣም ይቀንሳል። መንፈራገጡ ጨርሶ ከቆመ ደግሞ እጅግ ይቀንሳል። ዜሮ አይሆንም።»

«እሺ» አለች ሙጫ። «ጭንቅላቴ ላይ ያለው ፎጣስ?»

ያን ጊዜ ሐኪሟ ፈገግ አለች። ክኒኑን ቀስ በቀስ በቀን አንዴ፣ ጠዋት በሚዋጥ ሌላ ልትለውጥላት ተስማሙ። በራስሽ ጊዜ በድንገት እንዳታቆሚ፣ አንድ ቀን ብትረሺ እንዴት እንደምታደርጊ እነሆ፣ እንቅልፍ አትጪ፣ መጠጥ ራቂ አለቻት። ብቻዋን መኖሯን በተመለከተ፣ ስትንፈራገጥ የሚሰማና በጎኗ የሚያስተኛት ሰው በቅርብ ቢኖር እንደሚሻል ነገረቻት። «ውሳኔው ግን ያንቺ ነው» አለቻት።

ወሰነች። ክፍሉን ተከራየች፤ ግን ብቻዋን አይደለም። አጠገቧ ከምትሰፋው ባልደረባዋ ጋር ነው። ባልደረባዋ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ሙጫ ሁሉንም ነገር፣ ሞቱንም ጭምር፣ ቁጭ አድርጋ ነገረቻት። ሴትዮዋ አሰበችና፣ «እኔ ሳንኮራፋ ቤቱ ይነቃነቃል፤ አንቺ እንዴት ልትተኚ ነው?» አለቻት። አልጋዎቻቸው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው።

ሙጫ ከመጽሐፍ ሽፋን በተረፈ ካርቶን ትንሽ ሣጥን ሠራች። ሰባት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ በጨርቅ ጠርዝ የተጠረዘ ነው፤ ክዳኑ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። ስድስቱ ግራጫ፣ ሰባተኛው ቀይ። ጋሼ ሲያየው፣ «የኔ ሥራ ቀረ ማለት ነው?» ብሎ ቅር አለው፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ ይዞ ይቆማል። ሐኪሟ ደግሞ ሣጥኑን አገላብጣ አይታ ለሌሎች በሽተኞች የሚሆን እንድትሠራላት ጠይቃታለች። እስካሁን አሥራ አንድ ሠርታለች።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆኖታል። አንድ ጊዜ ጥሏታል፤ ረቡዕ ነበር፤ መድኃኒቱ በሚለወጥበት ሰሞን። ባልደረባዋ በጎኗ አስተኝታ፣ ሰዓት እያየች፣ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ብላ ለእኔ ጻፈችልኝ። እኔም ደብተሬ ላይ አሰፈርኩት።

እሁድ ለምሳ ትመጣለች። በሩ ላይ ሰላም ከማለቷ በፊት ሣጥኑን ከቦርሳዋ አውጥታ ባዶውን ቀይ ክፍል ታሳየናለች። ባለፈው እሁድ ዘገየች። ልጄና እኔ መስኮቱ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመን መንገዱን ስንጠብቅ፣ ከኋላችን በሌላው በር ገብታ አየችን።

«ፈራችሁ?» አለች።

«አዎ» አለች ልጄ። ልጄ መፍራቷን ስታምን የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እኔም ጠዋት ስነቃ አንዳንዴ እፈራለሁ» አለችና ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አስቀመጠችው። «አውቶቡሱ ነው የዘገየው። ምሳ አልደረሰም እንዴ?»